ከጉራጌ ጋራ እስከ ቱርካና፦ የዋቤ ተፋሰስ በታሪክ ዓይን

የአንድን አካባቢ ሕዝብ ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ዘወትር አስቀድሞ የሚያገላብጠው የነገሥታቱን ዜና መዋዕል፣ የጦርነቱን ውሎና የግብሩን መዝገብ ነው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የሚያርሰውን አፈር ያመጣው፣ መንደሩን ከመንደር የለየው፣ መንገዱን የዘጋውና የከፈተው ውኃ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ውኃ መነሻ አለው፤ መድረሻም አለው። በዚህ መነሻና መድረሻ መካከል የሚኖረው ሕዝብ እርስ በርሱ ባይተዋወቅም እንኳ በአንድ የኑሮ ሰንሰለት የተሳሰረ ነው። የዋቤ ወንዝ ታሪክ ይህን እውነት ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ ነው።

ዋቤ በስም ከዋቢ ሸበሌ ጋር ሊምታታ አይገባም። ዋቢ ሸበሌ ከባሌና ከአርሲ ደጋ ተነሥቶ ወደ ኦጋዴን የሚወርደው ታላቅ ወንዝ ሲሆን፣ ዋቤ ግን ከጉራጌ ተራሮች ምዕራባዊ ገጽ ተነሥቶ በወልቂጤ አቅራቢያ አልፎ ከግቤ ጋር የሚገናኝ ወንዝ ነው። ሁለቱ ከተገናኙበት ቦታ ጀምሮ ወንዙ ኦሞ የሚለውን ስም ይይዛል። ስለዚህ የኦሞ ታሪክ ሲነገር የግቤ ስም ብቻ እየተነሣ ዋቤ ሊዘነጋ አይገባውም፤ ከግራ በኩል ከሚገቡት የኦሞ ገባሮች ሁሉ ትልቁ እርሱ ነውና።

ውኃ የሚከፈልበት ጋራ

ጉብሬ ከወልቂጤ ተነሥቶ ወደ እምድብርና ወደ ሆሳዕና በሚያመራው መንገድ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዛሬ የወልቂጤ ከተማ አንድ ክፍለ ከተማ ስትሆን፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው በእርሷ ነው። ከተማዋ ያረፈችበት ምድር ከደጋው ወደ ግቤ ቆላ በሚወርደው ተዳፋት ላይ እንደ መካከለኛ ደረጃ የሚቆጠር ወይና ደጋ ነው። በስተምሥራቅ የእዣና የጉመር ደጋ ከፍ እያለ ሄዶ ከ3,700 ሜትር በላይ ከሚደርሰው የጉራጌ ተራሮች ጫፍ ጋር ይያያዛል። በስተምዕራብ ደግሞ ምድሩ ዝቅ እያለ ወደ ግቤ በረሃ ይወርዳል።

ይህ የተራራ ሰንሰለት ለአገሩ ዳራ ብቻ አይደለም፤ ውኃ የሚከፈልበት ጋራ ነው። በጋራው ጫፍ ላይ የዘነበ ዝናብ በምዕራቡ ገጽ ከወረደ በዋቤና በእኅት ወንዞቹ በኩል ግቤን ይቀላቀላል፤ ኦሞ ሆኖም በደቡብ ወደሚገኘው ወደ ቱርካና ሐይቅ ይዘልቃል። በምሥራቁ ገጽ የወረደው ውኃ ግን የቡታጅራን ሜዳ አቋርጦ በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ፣ ከዚያም በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይሄዳል። ከሶዶ ሰሜናዊ ጫፍ የሚነሡት ጅረቶች ወደ አዋሽ ሲወርዱ፣ ከሰንሰለቱ ደቡባዊ ክፍል የሚነሣው ብላቴ ደግሞ ወደ አባያ ሐይቅ ያመራል። አንድ ጋራ አራት ተፋሰሶችን ይመግባል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚሻ አንድ ነገር አለ። እነዚህ አራት ውኆች ወደየትኛውም አቅጣጫ ቢፈስሱ አንዳቸውም ውቅያኖስ አይደርሱም። አዋሽ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። አቢጃታም ሆነ አባያ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የሚቀሩ ናቸው። ኦሞም ቱርካና ከገባ በኋላ መውጫ የለውም፤ ውኃው የሚጠፋው በፀሐይ ትነት ነው። ስለ ዓባይ ማደሪያ ማጣት ከጥንት ጀምሮ የሚነገረው ምሳሌ በጉራጌ ወንዞች ላይ አይሠራም። እነርሱ ማደሪያ አላቸው። ይህም የመልክዓ ምድር ወግ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። በዝግ ተፋሰስ ውስጥ የሚጎድለውም የሚጨመረውም ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ደለሉ፣ ጨዉ፣ ድርቁና ሙላቱ ወደ ሌላ ባሕር ተጠርጎ አይረሳም።

መድረሻው የጠፋባቸው ሊቃውንት

የሩቅ አገር ሊቃውንት ይህን ወንዝ ለማወቅ ከ280 ዓመት በላይ ደክመዋል። ያደናገራቸውም ወንዝ ሁሉ ወደ ባሕር መድረስ አለበት የሚለው እምነታቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1613 ዓፄ ሱስንዮስ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ፣ ወደ ማሊንዲ፣ የሚያደርስ መንገድ ይፈልግ ዘንድ ፖርቱጋላዊውን የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኩሴ አንቶኒዮ ፈርናንዴስን ላኩ። ከእርሱም ጋር ፍቁረ እግዚእ የሚባል መልእክተኛ አብሮ ሄደ። መንገደኞቹ እናርያን አልፈው፣ ግቤን በተነፋ ቆዳ ተሻግረው ወደ ጀንጀሮ፣ ማለት ዛሬ የም ወደሚባለው አገር፣ ከዚያም ወደ ከምባታ ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ተዘግቶባቸው ተመለሱ። ከዚህ ጉዞ በኋላ ኢየሱሳውያኑ በጻፏቸው መጻሕፍት ዘቤ ብለው የጠሩት ይህ ወንዝ ጀንጀሮን እንደ ደሴት ከብቦ ወደ ሞምባሳ ጠረፍ እንደሚወርድ ተነገረ። ወንዙን በዓይናቸው አዩት፤ መጨረሻውን ግን በግምት ሞሉት።

በ19ኛው መቶ ዓመት ጥያቄው እንደገና ተነሣ። በዚያን ዘመን የአውሮፓ የጂኦግራፊ ማኅበራት ከምንም ነገር በላይ የሚመኙት የነጭ ዓባይን ምንጭ ማግኘት ነበር። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ወደ እናርያ ዘልቆ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1846 ከግቤ ምንጮች በአንዱ አጠገብ የፈረንሳይን ሰንደቅ ዓላማ ተከለና የነጭ ዓባይን መነሻ አገኘሁ አለ። ግቤ ኦሞ፣ ኦሞ ደግሞ ሶባት፣ ሶባትም ነጭ ዓባይ ይሆናል የሚል ነበር ሐሳቡ። እ.ኤ.አ. በ1850 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ወንድማማቾቹን በወርቅ ሜዳልያ ሸለመ። እንግሊዛዊው ቻርለስ ቤክ ግን ይህን አባባል በብርቱ ተቃወመ። ጆን ስፒክ እ.ኤ.አ. በ1862 ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣበትን ቦታ ካየ በኋላም የዳባዲ ሰንደቅ ዓላማ ያለ ቦታው መተከሉ ታወቀ።

ዳባዲ ተራ ጀብደኛ አልነበረም። የጋራዎችን ከፍታና የአገሮችን አቀማመጥ በመሣሪያ እየለካ ለኢትዮጵያ ካርታ ትልቅ ዋጋ ያለው ሥራ የሠራ ሰው ነው። ስሕተቱ የመጣው መልሱን ይዞ ጥያቄውን በመፈለጉ ነው። ወንዙን የፈለገው ስለ ወንዙ ሲል አልነበረም፤ ሌላ ወንዝ እንዲሆንለት ስለተመኘ ነበር። በግቤና በዋቤ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ምን ያርሳል፣ ወንዙ ለእርሱ ምኑ ነው የሚለው ጥያቄ ለሜዳልያው አስፈላጊ አልነበረም።

የሚያስገርመው ዳባዲ የተሳሳተው በቦታ ብቻ ሳይሆን በዘመንም መሆኑ ነው። የኋለኛው ዘመን የሥነ ምድር ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ከ10,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት በነበረው የእርጥበት ዘመን የቱርካና ሐይቅ ሞልቶ በሰሜን ምዕራብ በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ተፋሰስ ይፈስስ ነበር። በሐይቁ ውስጥ የዓባይ ዓሣና የዓባይ አዞ የሚገኙትም ከዚሁ የተነሣ ነው። ዝናቡ ሲቀንስ ሐይቁ ወደ ራሱ ሰበሰበ፤ ኦሞም ከዓባይ ተለየ። ዳባዲ ያለው ነገር በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ዘግይቶ የተነገረ ነበር ማለት ይቻላል።

የሐይቁ ወገን የተገለጠው ከደቡብ በመጡ መንገደኞች ነው። ሳሙኤል ቴሌኪና ሉድቪግ ፎን ሄኔል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1888 ወደ ሐይቁ ደርሰው በኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ስም ሩዶልፍ አሉት። በሰሜን ጫፉ ታላቅ ወንዝ እንደሚገባበትም አዩ። ይህ ወንዝና ኦሞ አንድ መሆናቸውን በጉዞ ያረጋገጠው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ወንዙን ተከትሎ እስከ ሐይቁ ወረደ። ይህ ዓመት የዓድዋ ዓመት ነው። ቦቴጎ ኦሞን ሲከተል የአገሩ ጦር በዓድዋ ድል ተመቶ ነበር፤ እርሱም በመጋቢት 1897 በወለጋ በኩል ሲያልፍ በተነሣ ውጊያ ሞተ። የጂኦግራፊ ጉዞና የቅኝ ግዛት ምኞት በአንድ መንገድ ይጓዙ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ1898 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከከፋ ተነሥቶ እስከ ሐይቁ ዳር ዘለቀ፤ በኦሞ መጨረሻም የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ተተከለ። ከጦሩ ጋር የነበረው ሩሲያዊው መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች የጉዞውን ታሪክ ጽፎ አሳትሟል። በዚህ ዓይነት በአንድ ወንዝ መነሻና መድረሻ ላይ በ52 ዓመት ልዩነት ሁለት ሰንደቅ ዓላማዎች ተተከሉ። የመጀመሪያው የምኞት ምልክት ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው የድንበር ምልክት ሆነ። በሁለቱ መካከል ያለው ሕዝብ ግን በሁለቱም ጊዜ ስለ ወንዙ የሚያውቀውን አልተጠየቀም።

የተዳፋቱ ሕዝብ እውቀት

የውጭ አገር ሊቃውንት አንድ ምንጭ ይፈልጉ ነበር። ለተዳፋቱ ገበሬ ግን ወንዝ አንድ ምንጭ የለውም። ዋቤ ማለት ከየጓሮው ሥር የሚፈልቀው ውኃ፣ ከየረግረጉ የሚንጠባጠበው እርጥበትና ከየሸንተረሩ የሚወርደው ጅረት ድምር ነው። ዋልጋ፣ ረቡ፣ መገጫ የሚባሉት የአካባቢው ወንዞች እንደዚሁ ናቸው። የምንጩ ጠባቂም ተዳፋቱን የያዘው አራሽ ነው።

የጉራጌ ሕዝብ ይህን ተዳፋት የያዘበት ብልሃት እንሰት ነው። እንሰት በየዓመቱ ታርሶ በየዓመቱ የሚታጨድ ሰብል አይደለም፤ ከችግኝነት ተነሥቶ ለመፋቅ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ዓመታት በመሬት ላይ ይቆያል። ሰፊው ቅጠሉ የዝናቡን ጉልበት ሰብሮ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። የወደቀው ቅጠልና ከበረት የሚወጣው ፍግ አፈሩን ያለብሰዋል፣ ያፋፋዋል። በአንድ ጓሮ ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያለው እንሰት ስለሚተከል መሬቱ ራቁቱን የሚሆንበት ወቅት የለም። በሌላ አካባቢ ማሳው ታርሶ የክረምቱን የመጀመሪያ ዶፍ ባዶውን በሚቀበልበት ሰዓት፣ በቸሃና በእዣ ተዳፋት ያለው ጓሮ ጥላውን ዘርግቶ ይጠብቃል። ከእንሰቱ ቆጮና ቡላ ይገኛል፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል፤ ቅጠሉ መጠቅለያና የከብት መኖ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የአገሪቱን ሰፊ ክፍል ለረኃብ በዳረገበት ጊዜ የእንሰት አገሮች በአንጻራዊነት ተቋቁመው መቆየታቸው የዚህን ተክል ዋጋ ለሁሉም አሳይቷል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን በእንሰት ባህሉ ለይቶ መጥራቱም ያለ ምክንያት አይደለም።

ከእንሰቱ ጓሮ ፊት ለፊት ጀፎረ አለ። ጀፎረ በሁለት ረድፍ በተሠሩ ቤቶች መካከል የተዘረጋ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ለቅሶና ሠርግ፣ ጨዋታና ስብሰባ የሚካሄደው በእርሱ ላይ ነው። ማንም ለብቻው አያርሰውም፤ አጥሩን ወደ እርሱ የሚገፋ ሰውም በሽማግሌ ይዳኛል። የመንደሩ አደባባይ የሆነው ይኸው ሣር ጎርፉን የሚያረግብ፣ አፈሩን የሚይዝ ምንጣፍም ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ከየቤቱ ተወክሎ የሚሸመግልበት የየጆካ ሸንጎና ቅጫ የሚባለው የሥርዓቱ ሕግ የጋራ የሆነውን ነገር የግል ከሚያደርግ እጅ ሲጠብቁ ኖረዋል። በአንድ መንደር ውስጥ የጓሮው፣ የጀፎረውና የሸንጎው ሥርዓት ተደጋግፎ መኖሩ፣ ባህል ከምርት ተለይቶ የሚቆም ጌጥ አለመሆኑን ለኪነ ጥበብ ሰዎች በሚገባ ያስተምራል።

ወንዙ ግን በረከት ብቻ አላመጣም። በክረምት ዋቤና ጅረቶቹ ሲሞሉ መንደር ከገበያ፣ ሕሙም ከሐኪም፣ ተማሪ ከትምህርት ቤት ይለያይ ነበር። የአካባቢው ተወላጆች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ በኢትዮጵያ የሕዝብ ልማት ታሪክ ልዩ ቦታ አለው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሊስትሮነት፣ በንግድና በልዩ ልዩ የጉልበት ሥራ የሚተዳደሩት ወገኖች ከድካማቸው ዋጋ ላይ አዋጥተው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቋሙ። ከወልቂጤ ወደ እምድብርና ወደ ሆሳዕና የሚያደርሰው መንገድ የተከፈተው በዚህ የሕዝብ ጥረት ነው። ጉብሬም የመንገድ ዳር ከተማ የሆነችው በዚሁ መንገድ ነው። ዳባዲ በወንዙ ምንጭ ላይ ሰንደቅ ሲተክል፣ የተዳፋቱ ልጆች ከመቶ ዓመት በኋላ በወንዞቹ ላይ ድልድይ ተከሉ።

ደለሉ የሚናገረው

ዛሬ የዋቤ ውኃ ወደ ቱርካና የሚሄደው እንደ ቀድሞው በቀጥታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራው ተጀምሮ በታኅሣሥ 2016 የተመረቀው የግልገል ግቤ ሦስተኛ ግድብ ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ 1,870 ሜጋዋት ለማመንጨት የሚችልም ነው። ከዋቤና ከግቤ የሚወርደው ውኃ በግድቡ ኋላ በተንጣለለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ውስጥ ይተኛል። ከደጋው ተዳፋት የተጠረገው አፈርም አብሮት ይገባል። ውኃው ተርባይኑን አዙሮ ሲወጣ አፈሩ ግን እዚያው ይቀራል። አንድ ጓሮ የሚያጣው አፈር የግድቡን ዕድሜ የሚበላ ደለል ይሆናል።

በታችኛው ኦሞ የሚኖሩት ዳሰነች፣ ካሮ፣ ኛንጋቶም፣ ሙርሲና ሌሎችም ሕዝቦች ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ኑሯቸውን የመሠረቱት በወንዙ ዓመታዊ ሙላት ላይ ነበር። ሙላቱ ሲሸሽ በቀረው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ለእነርሱ የጉራጌና የጅማ አፈር የታረሰ ማሳቸው ነበር። ሙላቱ ግን ሁልጊዜ ደግ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 በዳሰነች የደረሰው ጎርፍ ከ300 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ግድቡ ይህን አደጋ ለመግታት ያገለግላል። በዚያው መጠን ዓመታዊውን ሙላትና የሚያመጣውን ደለል አስቀርቷል፤ ሙላቱን ጠብቆ የሚያርሰውም ሕዝብ ሌላ መተዳደሪያ እንዲፈልግ ተገድዷል። ከሚገባበት ውኃ ከመቶ 80 እጅ በላይ የሚሆነውን ከኦሞ የሚያገኘው የቱርካና ሐይቅ ጉዳይም አከራካሪ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኔስኮ የሐይቁን ብሔራዊ ፓርኮች አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች መዝገብ አስገባቸው። የኤሌክትሪክ ብርሃን ለአገር አስፈላጊ ነው፤ ዋጋውን ማን ምን ያህል እንደከፈለ መመዝገብም እንደዚያው አስፈላጊ ነው።

በጋራው ምሥራቃዊ ገጽም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። የመቂ ውኃ የሚመግበው የዝዋይ ሐይቅ ለመስኖና ለአበባ እርሻ እየተቀዳ፣ የቡልቡላም ፍሰት እየቀነሰ ሲሄድ የሰንሰለቱ መጨረሻ የሆነው አቢጃታ ክፉኛ ሸሽቷል። በዝግ ተፋሰስ ውስጥ ጉድለቱን የሚሸከመው ሁልጊዜ የመጨረሻው ነው።

በላይኛው ተዳፋትም ነገሩ እንደነበረ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ በጉራጌ ምድር የገንዘብ ሰብል ሆኗል፤ ግንዱ ለአዲስ አበባ ግንባታ ይጫናል። ልጅ ያስተማረ፣ ቤት የሠራ ዛፍ ስለሆነ ገበሬው መትከሉ አያስወቅሰውም። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍ ውኃን አብዝቶ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ አያበቅልም። ምንጭ አጠገብ ሲተከልና የእንሰቱን ጓሮ ሲተካ ጥላው፣ ፍጉና የአፈሩ ልብስ አብረው ይሄዳሉ። አጥር እየገፋ የሚያጠበው ጀፎረም እንዲሁ የጋራ ሣሩን ያጣል። በጓሮ ደረጃ ሲታይ ይህ የአንድ ቤተሰብ ውሳኔ ነው። በተፋሰስ ደረጃ ሲደመር ግን የግድቡን ዕድሜ፣ የዳሰነችን ማሳና የሐይቁን ዓሣ የሚነካ ነገር ይሆናል።

የዋቤን ታሪክ ማወቅ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ኢየሱሳውያኑ ወንዙ በሞምባሳ ባሕር ይገባል፣ ዳባዲም በዓባይ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ይወርዳል ብለው ያሰቡት ወንዝ ሁሉ ሸክሙን ይዞ ከአገር ይወጣል ከሚል ግምት ነው። ዋቤ አይወጣም። የተሸከመውን ሁሉ በራሱ ተፋሰስ ውስጥ ያራግፋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የጋራው ምዕራብ በጉራጌ ዞን፣ የጋራው ምሥራቅ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን እየተዳደረ ሁለቱም በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። የአስተዳደር ወሰን በአዋጅ ይሠመራል፤ የውኃ ወሰን ግን በጋራው ጫፍ ላይ የተሠመረ ነው፤ በዚህም ምክንያት የእርከኑና የምንጭ ጥበቃው ሥራ ከወረዳ ወረዳ ተያይዞ፣ ከላይ ወደ ታች ወርዶ ሊታቀድ ይገባዋል።

በዚህ ረገድ መምህሩ፣ የልማት ሠራተኛውና የኪነ ጥበብ ሰው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። በጉብሬ የሚማር ልጅ በትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚያልፈው ጅረት የት እንደሚያድር ሊያውቅ ይገባዋል። የእንሰት ተካይዋ እናት በየጓሮዋ የምትይዘው አፈር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ወንዝ መነሻ መሆኑ በሥዕልም፣ በቴአትርም፣ በመማሪያ መጽሐፍም ሊነገርላት ይገባል። የዋቤ ምንጭ የት ነው ለሚል ጥያቄ የተዳፋቱ ሕዝብ መልስ ግልጽ ነው፤ ምንጩ የተጠበቀ ጓሮ፣ ያልጠበበ ጀፎረና ያልተራቆተ ጋራ ነው። እነዚህ እስካሉ ድረስ ዋቤ ይወርዳል፤ ከታች የሚጠብቀውም አያፍርም።